ከእጅ የወጣ መዳብ

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላሉ አበው። ተረቱ እውነት መሆኑን ሁላችንም በየቤታችን እናውቀዋለን። ጂንካ ደርሼ ከተመለስኩ ወዲህ ግን የዚህ ተረት ግልባጩም እውነት ሳይሆን እንደማይቀር ማሰብ ጀምሬአለሁ፤ ከእጅ የወጣ መዳብ ደግሞ እንደ ወርቅ ይቆጠራል። ለመሆኑ መዳቡን ወርቅ ያደረገው ምንድን ነው? ከእጅ መውጣቱ ነው ወይስ ቀድሞ በሰው እጅ ላይ መኖሩ? ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ዕለቱ ቅዳሜ፣ የጂንካ ገበያ ቀን ነው። ከደጋ የወረዱት አሪዎች ቡናቸውንና ቅቤያቸውን ዘርግተዋል፤ ከቆላ የወጡት በናዎችና ሐመሮች ማርና ፍየል ይዘው መጥተዋል። ከገበያው ዳር አንድ ጎረምሳ በአሮጌ ሸራ ላይ በርኮታ፣ ዶቃ፣ የቅል ዋንጫና አምባር ደርድሮ ገዢ ይጠብቃል። ደንበኞቹ ከሩቅ አገር የሚመጡ ጎብኚዎች ናቸው። እኔም በዚያን ቀን ከጎብኚ የተሻልኩ አልነበርኩም።

ከአምባሮቹ መሐል አንዱ ዓይኔን ሳበው። የጣት ውፍረት ያለው፣ ጫፍና ጫፉ ያልገጠመ ነሐስ ነው። ከሁለቱ ጫፎች አጠገብ ካሉት ሦስት ሦስት ጭረቶች በቀር ጌጥ የሚባል ነገር የለውም። ቀለሙም ወደ ቡናማ ሄዷል። ዋጋውን ብጠይቅ ጎረምሳው የነገረኝ በአጠገቡ ከሚያብረቀርቁት አዳዲስ አምባሮች አምስት እጥፍ ነበር።

«ምነው? ይኼ እኮ አሮጌ ነው!» አልኩት።

«እሱ እኮ ነው ያስወደደው፣ ጋሼ» አለኝ ሳቅ ብሎ። «በውጪ በኩል አይዩት፤ ጣትዎን ያስገቡና ውስጡን ይንኩት።»

ነካሁት። ውስጡ ውሃ እንዳለሰለሰው የወንዝ ድንጋይ ልዝብ ነው። አንደኛው ወገን ከሌላው ሳስቷል።

«እንዲህ ዓይነቱ በሞረድ አይመጣም» አለኝ ጎረምሳው። «አዲሱን አፈር ውስጥ ቀብረው አሮጌ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ውጪውን ያታልሉታል፤ ውስጡን ግን የሰው ክንድ ካልሆነ ማንም እንዲህ አያደርገውም።»

ተከራክሬ ጥቂት አስቀነስኩና ገዛሁት። በኪሴ ከትቼ ስሄድ አንድ ትልቅ ነገር ከጥፋት ያዳንኩ ያህል ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታዬ የቆየው ግን እስከ ሰኞ ድረስ ብቻ ነው።

ሰኞ የቱርሚ ገበያ ነው። እዚያ አንድ የሚያስተረጉምልኝ ወጣት አግኝቼ ከአንዲት በዕድሜ ገፋ ካሉ የሐመር እናት ጋር ጥላ ሥር ተቀምጠን ስንጫወት ዋልን። በአንገታቸው ላይ ኢሰንቴ የሚባሉት ሁለት ወፍራም የብረት ቀለበቶች አሉ፤ የባለ ትዳር ሴት ምልክት ናቸው። በክንዳቸው ላይ የተደረደሩት አምባሮች እጃቸውን ባነሱ ቁጥር ይንኳኳሉ። ጨዋታው ሲደራ እኔም አምባሬን ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋቸው። ተቀበሉኝ፤ እንደ ጎረምሳው ሁሉ ጣታቸውን አስገብተው ውስጡን ዳሰሱት። ከዚያም አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«የማን ነው? እያሉህ ነው» አለኝ አስተርጓሚው።

«የኔ ነው፤ ጂንካ ገዝቼው ነው» አልኩ።

ይህ ሲነገራቸው ሳቁ። አስተርጓሚውም ፈገግ ብሎ፣ «አይ፣ እሱን አይደለም። በማን ክንድ ላይ ነበር? ማለታቸው ነው» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ዋጋውን ጠይቄአለሁ፤ ዕድሜውን ጠይቄአለሁ፤ ነሐስ ይሁን መዳብ ጠይቄአለሁ። የማን እንደነበረ ግን ለመጠየቅ በሐሳቤም አልመጣልኝ። እኒህ እናት ደግሞ ስለ አምባሩ ሌላ የሚጠየቅ ነገር ያለ አልመሰላቸውም፤ የጠየቁት እሱን አንዱን ብቻ ነው።

ያፈረ ሰው አንዳንድ ጊዜ ኀፍረቱን በምክር ይሸፍናል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። እሳቸውም የሸጡት አምባር እንዳለ ስጠይቃቸው በድርቁ ጊዜ ሁለት መሸጣቸውን ነገሩኝ። አንባቢ እንደሚያስታውሰው ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ዝናቡ በተከታታይ ከድቶ በደቡብ ኦሞ ቆላ ብዙ ከብት አልቋል። ይህን እያወቅሁ፣ «ይህ እኮ ቅርስ ነው፤ መሸጥ አልነበረብዎትም» አልኳቸው። አስተርጓሚው «ቅርስ» የሚለውን «የአባቶች ዕቃ» ብሎ ተረጎመላቸው መሰለኝ፤ የመለሱልኝ እንዲህ የሚል ነበር፦ «የአባቶች ዕቃ ከብት ነው፤ እሱ አልቋል። አምባሩን ባስቀምጠው ኖሮ ልጆቹ ይበሉት ነበር?»

ከዚያን ቀን ወዲህ ይህ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። እስኪ ከአምባሩ እንጀምርና ቀስ በቀስ ወደሱ እንመለስ።

ነሐስ የምንለው መዳብ ከሌላ ብረት ጋር ቀልጦ የሚሠራ ድብልቅ ነው። ከቆርቆሮ ጋር የተደባለቀውንም፣ ከዚንክ ጋር የተደባለቀውንና ቢጫ የሚሆነውንም በተለምዶ በአንድ ስም ነሐስ እንላቸዋለን። በኦሞ ቆላ ለአምባር የሚሆነው ነሐስ ከዚያው ምድር ተቆፍሮ የሚወጣ አይደለም፤ በንግድ ከሩቅ የሚመጣ ነው። ከዚህም በላይ ጦር መሣሪያ በአገሩ ከተስፋፋ ወዲህ የተተኮሰ ጥይት ቀለህ እየቀለጠ አምባር ሆኗል፤ አሮጌ የአሉሚኒየም ድስት እየቀለጠ ጌጥ ሆኗል። እንግዲህ «ጥንታዊ» ብዬ የገዛሁት አምባር ትናንት ከአንድ ጠመንጃ አፈሙዝ አጠገብ ወድቆ የተለቀመ ቀለህ እንዳልነበረ ማን ያውቃል?

ይህ የኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። በምዕራብ አፍሪካ ማኒላ የሚባል የፈረስ ኮቴ መሳይ የነሐስ አምባር ለብዙ መቶ ዓመታት ገንዘብ ነበር፤ እኛ ዘንድ አሞሌ ጨው ገንዘብ እንደነበረ ማለት ነው። አውሮፓውያን በየመርከቡ እየጫኑ ያመጡትና ከሚገዙበትም አንዱ ሰው ነበር። በዛሬይቱ ናይጄሪያ የሚገኙት የቤኒን ቀጥቃጮች ይህንኑ ብረት እያቀለጡ ዓለም የሚያደንቃቸውን የነሐስ ምስሎች ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1897 የእንግሊዝ ጦር ቤኒንን ወርሮ ምስሎቹን ዘረፈ፤ በየአውሮፓው ሙዚየም ተበተኑ። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት ደግሞ ከሰመጡ መርከቦች የወጡ ማኒላዎችን መርምሮ፣ ቤኒኖች ለብዙዎቹ ምስሎች የተጠቀሙበት ብረት ከጀርመን የራይን ወንዝ አካባቢ የወጣ መሆኑን አሳየ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብላ፣ እ.ኤ.አ. በ2022፣ ጀርመን ከነዚህ ምስሎች ጥቂቶቹን ለናይጄሪያ መልሳለች። ታዲያ ብረቱ ከጀርመን ስለወጣ ምስሉ የጀርመን ነው የሚል ይኖራል? የለም፤ ማንም ጤነኛ ሰው እንዲህ አይልም። የዕቃ አገሩ ብረቱ የተቆፈረበት ሳይሆን እጅ የሠራበትና እጅ የለበሰበት ነው።

እንግዲህ አምባሩን አምባር የሚያሰኘው ብረቱ ካልሆነ፣ ዕድሜውም ብቻውን ካልሆነ፣ የቀረው የሠራው እጅና የለበሰው ክንድ ነው ማለት ነው። የሚያስገርመው ግን አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ ገንዘቡን የሚያፈሰው ለእነዚህ ሁለቱ ሆኖ ሳለ፣ የማይጠይቀው ስለ እነዚህ ሁለቱ መሆኑ ነው። የውስጡን ልስላሴ ይገዛል፤ ያለሰለሰችውን ሴት አይጠይቅም። በዓለም ገበያ ላይ «በእርግጥ የተለበሰ» የተባለ ዕቃ ይወደዳል፤ ማን እንደለበሰው ግን አብሮት ሲሄድ አይታይም። የሰው ሕይወት የዕቃ ጥራት ማረጋገጫ ማኅተም ሆኖ ያገለግልና ሰውየው ይጣላል።

በዚህ ግን ፈረንጁን ብቻ መውቀስ ይቀለናል። የሠራውን እጅ በተመለከተ እኛ ራሳችን ከማንም የባስን ነን። በጂንካ ዙሪያ በሚኖሩት በአሪዎች ዘንድ ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው «ማና» ተብለው ከአራሹ ተለይተው ኖረዋል፤ አራሹ ልጁን አይድርላቸውም ነበር። «ሲፈጠሩም ከኛ የተለዩ ናቸው» የሚል ወሬም አብሮ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የዘረመል ጥናት ግን የአሪ ቀጥቃጮችና አራሾች ከአንድ ምንጭ የተቀዱ መሆናቸውን፣ ልዩነት መስሎ የሚታየውም ቀጥቃጮቹ ከመገለላቸው የተነሳ እርስ በርሳቸው ብቻ በመጋባታቸው የመጣ መሆኑን አስረድቷል። መገለሉ ልዩነቱን ፈጠረ እንጂ ልዩነቱ መገለሉን አልፈጠረም።

የደጋው ሰው ይህን አንብቦ «አይ የቆላ ነገር!» እንዳይል አደራ። ቀጥቃጩን «ቡዳ» ብለን ቤታችን እንዳይበላ ስንከለክል የኖርነው እኛው ነን። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት የስድቡ ብዛት አስጨንቋቸው ነው። ማረሻውን ይዘን ማረሻ ሠሪውን፣ አምባሩን አጥልቀን አምባር ሠሪውን የምንንቅ ሕዝብ ዛሬ ተነስተን «ቅርሳችን!» ብንል፣ ቅርሱ ያለ ሠሪ ከሰማይ የወረደ ይመስል አያሳፍርም? የአምባሬን ሦስት ጭረቶች ማን እንደጫራቸው እኔ አልጠየቅሁም፤ ከኔ በፊት የነበሩትም ጠይቀውለት እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

አሁን ወደ ቱርሚዋ እናት ጥያቄ ልመለስ። የተሰረቀ ቅርስ ላይ ፍርድ መስጠት ቀላል ነው። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ አንድ የቤልጅየም ሰብሳቢ እጅ ገብቶ ሲገኝና በ2001 ወደ ቤቱ ሲመለስ የተደሰትነው ያለ አንዳች ማመንታት ነበር። ከጂንካ ወደ አርባ ምንጭ መንገድ ላይ ባለችው ኮንሶም ለሞቱ ጀግኖች መታሰቢያ የሚቆሙት ዋካ የሚባሉ የእንጨት ሐውልቶች ከመቃብር ላይ እየተነቀሉ ሲሸጡ ኖረዋል፤ ከሌቦች እጅ የተያዙት ዛሬ በኮንሶ ሙዚየም ተጠልለዋል። በዚህ ሌባና ባለቤት ተለይተው የሚታወቁ ስለሆነ ኅሊናችን አይቸገርም። የራሷን አምባር ከራሷ ክንድ አውልቃ በቆሎ የገዛችን እናት ግን ምን ብለን እንፍረድባት?

አንደኛው መልስ የሰብሳቢው ነው። «እኔ ባልገዛው ቀልጦ ይጠፋ ነበር፤ እኔ አዳንኩት» ይላል። እኔም ቅዳሜ ዕለት ለራሴ ያልኩት ይህንኑ ስለሆነ ሐሰት ነው ብዬ አላጣጥለውም። በእርግጥም ብዙ ዕቃ የተረፈው ሰብሳቢ ስለነበረው ነው። ነገር ግን ገዢ ባይኖር ያ አምባር ይቀልጣል የሚለው ግምት እንጂ እውቀት አይደለም፤ ምናልባት ለልጅ ወይም ለልጅ ልጅ ይተላለፍ ነበር። ደግሞም አዳኝ ነኝ የሚል ሰው ያዳነውን በስሙ ያውቀዋል። ከጎርፍ ልጅ ያወጣ ሰው የማን ልጅ እንደሆነ ሳይጠይቅ ወደ ቤቱ ይዞት ቢሄድ አዳኝ አይባልም።

ሁለተኛው መልስ የአገር ወዳዱ ነው። «ቅርስ አይሸጥም፤ የሁላችንም ነው» ይላል። ይህንንም እኔው ሰኞ ዕለት ብዬዋለሁ። ሕጉም ከዚህ አይርቅም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ነግዶ ማትረፍንና ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ግለሰብ የቅርስ ባለቤት ሊሆን እንደሚችልም ይቀበላል፤ ሆኖም ባለቤቱ ቅርሱን በራሱ ወጪ የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ጥገናው ከዐቅሙ በላይ ሲሆን መንግሥት ከወጪው ሊያግዝ እንደሚችል አዋጁ ቢያነሳም፣ ያ ለፈረሰ ግንብ ወይም ለተቀደደ ብራና ይሆናል እንጂ ለክንድ አምባር አይደርስም።

«በራሱ ወጪ» የሚሉት ሁለት ቃላት ናቸው እንቅልፍ የነሱኝ። የአምባር መጠበቂያ ወጪ ምንድን ነው? ዘብ አያስፈልገው፣ ቀለም አያስፈልገው። ወጪው በረኃብ ቀን አለመሸጡ ነው። ይህን ወጪ የከፈለው ማን ነው? እኔ አልከፈልኩም። ጎብኚውም አልከፈለም። የከፈሉት አምባሩን በክንዳቸው ይዘው ክፉ ዘመን ያሳለፉ ሴቶች ናቸው። ቅርስ የሁላችንም ነው ስንል ክብሩን ለሁላችን እናከፋፍልና ዕዳውን ግን ለአንዲት ሴት እንተውላታለን። የሁላችን ከሆነ በቆሎውም የሁላችን ይሁን! አለዚያ «ቅርስ ነውና አትሽጪ» ማለት ጠግቦ ያደረ ሰው ለተራበ የሚሰጠው ምክር ነው።

ይህን ስል ይሸጥ፣ ገበያው ይክፈተው ማለቴ አይደለም። እኒያ እናት የሸጡት ተገደው ነውና ሽያጩን ነፃ ምርጫ ብሎ መጥራት ሌላ ውሸት ነው። እኔ የምለው፣ ጥፋቱ ከሻጯ ዘንድ አይፈለግ ነው። ጥፋቱ ያለው ሳንጠይቅ በምንገዛውና ሳንካፈል በምንመክረው በእኛ ዘንድ ነው። ሰብሳቢውና አገር ወዳዱ ጠላቶች ይምሰሉ እንጂ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም የሚያዩት አምባሩን ነው፤ ሁለቱም ክንዱን አያዩትም።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» ትሉኝ ይሆናል። ጂንካ ከተማን ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመው የደቡብ ኦሞ ምርምር ማዕከልና ሙዚየም አለ። የአካባቢው ሕዝቦች ዕቃና ጌጥ እዚያው በአገራቸው፣ ባለቤቶቹ በእግራቸው መጥተው ሊያዩት በሚችሉበት ሥፍራ መቀመጡ ትልቅ ነገር ነው። እንዲህ ዓይነት ቤት በየአካባቢው ዐቅም ቢያገኝ፣ በክፉ ቀን ከባለቤቷ በደህና ዋጋ ገዝቶ፣ ስሟንና የቀጥቃጩን ስም መዝግቦ፣ ልጇ የምትዳር ለት አምባሩን በውሰት የሚሰጥ ሙዚየም ማሰብ ቅዠት አይደለም። የቀበሌ ዕድር ድንኳንና ድስት በውሰት ሲሰጥ አይደለም እንዴ የኖረው? ቅርስንም እንደ ዕድር ዕቃ ማሰብ ብንችል፣ «የሁላችን» የሚለው ቃል ያን ጊዜ ትርጉም ያገኛል።

እስከዚያው ድረስ ግን ከእያንዳንዳችን የሚጠበቅ አንድ ትንሽ ነገር አለ፤ መጠየቅ። እኔ ዘግይቼም ቢሆን ሞከርኩት። ከቱርሚ ስመለስ ጂንካ ወርጄ ጎረምሳውን ፈለግሁትና አምባሩ የማን እንደነበረ ጠየቅሁት። ከሌላ ነጋዴ እንደገዛው፣ ያም ከሌላ እንደገዛው ነገረኝ። «ከሐመር ይሁን ከበና?» ብለው፣ «እሱንስ በምን አውቃለሁ?» አለኝ። ትንሽ ዝም ብሎ ደግሞ፣ «ጋሼ፣ ስሟን ባውቅ ኖሮ ይጨምሩልኝ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ።

ልጁ ያሾፈ መስሎኝ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ግን የምሩን ነው። ነጋዴ ነውና ገዢ የሚጠይቀውን ይይዛል። አሮጌ ሲጠይቁት አሮጌ ያቀርባል፤ ስም ቢጠይቁት ስም ይዞ ይመጣ ነበር። እውነተኛውን ስም ለማግኘት ደግሞ ወደ ባለቤቷ መሄድና ማነጋገር ይኖርበታል። «አዎ፣ እጨምርልህ ነበር» አልኩት። ውሸቴን ይሁን እውነቴን አሁንም አላውቅም።

አምባሩ አሁን በጽሕፈት ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ለሙዚየም ልሰጠው አስቤ ነበር፤ የሙዚየም መዝገብ ግን «ማን ሠራው? ማን ለበሰው? ከየት መጣ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ለሦስቱም መልስ የለኝም። ቤቴ የመጣ እንግዳ ሁሉ አንስቶ ያየዋል፤ «ስንት ዓመት ይሆነዋል?» ይላል፤ «ስንት ገዛኸው?» ይላል። እስካሁን «የማን ነበር?» ያለኝ የለም። ለዚያም ስል በክር አንዲት ቁራጭ ወረቀት አሠርኩበት። ወረቀቷ ላይ የጻፍኩት ይህን ነው፦ «ከጂንካ ቅዳሜ ገበያ የተገዛ። የማን እንደነበረ ገዢው አልጠየቀም።»